የ67 ናኖ ሰከንድ በጀት

 

ዛሬ የምናገረው ፈጣን ራውተር ውስጥ የገባ የኔትወርክ ካርድ እንዴት እንደሚስተካከል ነው። ራውተር ስል በፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣውን ትልቁን ዕቃ ማለቴ አይደለም። ተራ ሰርቨር ላይ ሊኑክስ ተጭኖ፣ ባለ 10 ጊጋ ቢት ካርድ ተሰክቶበት፣ የአንድን ካምፓስ ወይም የአንድን ኢንተርኔት አቅራቢ ትራፊክ የሚያሳልፈውን ማለቴ ነው። ይህ ዓይነቱ ራውተር ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ቅርባችን ነው። ቪዮስ ሊኑክስ ነው። ብዙዎቻችሁ ከፍታችሁ የሠራችሁበት የሚክሮቲክ ራውተርኦኤስም ከሥሩ ያለው የሊኑክስ ከርነል ነው። ዕቃ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ በሆነበት አገር ደግሞ፣ በእጅ ያለውን ሰርቨር እስከ አቅሙ ጥግ ማሠራት የቅንጦት ዕውቀት አይደለም።

ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። በፈጣን መስመር ላይ ቀድሞ የሚያልቀው የመስመሩ ስፋት ሳይሆን ጊዜ ነው። ከካርዱ ጋር የሚመጡት ሴቲንጎች ሁሉ፣ ስማቸው ቢበዛም፣ የሚወስኑት ያቺን ጊዜ ማን እንደሚጠቀምባት፣ ማን ደግሞ ቆሞ እንደሚጠብቅ ነው። ይህን የያዘ ሰው የሴቲንጎቹን ዝርዝር በቃሉ መሸምደድ አያስፈልገውም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የኢተርኔት ትንሹ ፍሬም 64 ባይት ነው። ገመዱ ላይ ሲወጣ ከፊቱ 8 ባይት መንደርደሪያ ይቀድመዋል፤ ከኋላው ደግሞ ቢያንስ የ12 ባይት ክፍተት ይተዋል። ድምሩ 84 ባይት፣ በቢት 672 ነው። 10 ቢሊዮን ቢትን ለ672 ስናካፍል በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት እናገኛለን። ገልብጠን ብናየው ለአንድ ፓኬት የሚደርሰው ጊዜ 67.2 ናኖ ሰከንድ ነው። በ3 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ አንድ ኮር በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለው 200 ሳይክል ገደማ ብቻ ነው።

በእነዚያ 200 ሳይክሎች ውስጥ ምን እንዲሠራ ነው የምንጠብቀው? ካርዱ ያስቀመጠውን ፓኬት ማንሳት፣ ሄደሩን ማንበብ፣ የመድረሻ አድራሻውን ከራውቲንግ ቴብሉ ማፈላለግ፣ ቲቲኤሉን በአንድ መቀነስና ቼክሰሙን ማረም፣ የቀጣዩን ዕቃ ማክ አድራሻ መጻፍ፣ በመጨረሻም ለሚያወጣው ካርድ ማስረከብ። ከዚህ ሁሉ መሃል የሚፈለገው መረጃ ካሽ ውስጥ ሳይገኝ ቀርቶ ወደ ዋናው ሚሞሪ መሄድ ቢያስፈልግ፣ ያ አንድ ጉዞ ብቻውን ከ60 እስከ 100 ናኖ ሰከንድ ይፈጃል። አንድ ጊዜ ወደ ሚሞሪ ሲኬድ የፓኬቱ በጀት ተሟጠጠ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ትልቁን ፍሬም እንውሰድ። 1518 ባይት ላይ 20 ሲጨመር 1538 ይሆናል። በዚህ መጠን ያው ባለ 10 ጊጋ መስመር የሚያሳልፈው በሰከንድ 812 ሺህ ፓኬት ገደማ ነው፤ ለእያንዳንዱም 1,230 ናኖ ሰከንድ ይደርሰዋል። ከትንሹ ጋር ሲነጻጸር ከ18 እጥፍ በላይ ሰፊ ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ፋይል አውርዶ «10 ጊጋ ሞልቷል፤ ራውተሩ ደህና ነው» ማለት የሚያዋጣ ፈተና አይደለም። የዲኤንኤስ ጥያቄ፣ በኢንተርኔት የሚሄድ የስልክ ድምፅ፣ ጌም፣ ለወረደ ፋይል የሚመለሰው የቲሲፒ ማረጋገጫ ሁሉ ትንንሽ ናቸው። አገልግሎት ለማስተጓጎል ተብሎ የሚላክ ጎርፍ ደግሞ ሆን ተብሎ ትንሽ ነው። ሻጭ ስለ ራውተር ሲነግራችሁ ጊጋ ቢቱን ሰምታችሁ ዝም አትበሉ። «በሰከንድ ስንት ሚሊዮን ፓኬት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ይህ የጊዜ እጥረት ዛሬ የመጣ አይደለም። ካርድ ፓኬት ሲደርሰው ሲፒዩውን የሚጠራው በኢንተራፕት ነው። ሲፒዩው የያዘውን ሥራ ያቆማል፣ ፓኬቱን ይቀበላል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ትራፊክ ቀስ ሲል ይህ መልካም ነው። ሲበዛ ግን፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እየሮጠ ወጥቶ እንግዳ ሲቀበል፣ ገብተው የተቀመጡትን የሚያስተናግድበት ጊዜ ያጣ የድግስ አሳላፊ ይሆናል። እንግዳው ይገባል፤ የሚበላ ግን የለም። ጄፍሪ ሞጉልና ኬ.ኬ. ራማክሪሽናን እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረቡት ጥናት ይህንኑ አሳይተዋል፦ ከአንድ መጠን በላይ ትራፊክ ሲመጣ ማሽኑ መቶ በመቶ እየሠራ የሚያስተላልፈው ፓኬት ወደ ዜሮ ሊወርድ ይችላል።

ለሊኑክስ መልሱ የመጣው ራውተርን በሥራ ላይ ከሚያውቁ ሰዎች ነው። ሮበርት ኦልሰን በስዊድን ኡፕሳላ ከተማ በሊኑክስ የተሠሩ ራውተሮችን ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ያሠራ ነበር። እርሱ፣ ጀማል ሃዲ ሳሊምና አሌክሲ ኩዝኔትሶቭ እ.ኤ.አ. በ2001 ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ያቀረቡት ሥራ ዛሬ ናፒ ብለን የምንጠራው ዘዴ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ፓኬት ሲደርስ ካርዱ ኢንተራፕት ይልካል። ከዚያ ከርነሉ ኢንተራፕቱን ይዘጋና ራሱ እየሄደ ከካርዱ ወረፋ ላይ በጅምላ ያነሳል። ወረፋው ሲያልቅ ኢንተራፕቱን መልሶ ይከፍታል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ወረፋ የሚያነሳው እስከ 64 ፓኬት ነው። አንድ ኮር በአንድ ዙር ከወረፋዎቹ ሁሉ የሚያነሳው ድምር ደግሞ፣ ካልለወጣችሁት፣ 300 ነው። ይህን ቁጥር ከርነሉ ራሱ «በጀት» ይለዋል።

በጀቱ እያለቀ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ፕሮክ ሥር፣ ኔት በሚለው ማውጫ ውስጥ ሶፍትኔት ስታት የሚባል ፋይል አለ። ለእያንዳንዱ ኮር አንድ መስመር ይዟል፤ ቁጥሮቹም በአሥራ ስድስት ቤት የተጻፉ ናቸው። የመጀመሪያው ዓምድ ኮሩ ያስተናገደውን ፓኬት፣ ሁለተኛው ከከርነሉ ወረፋ ላይ የተጣለውን ይቆጥራል። ሦስተኛው ኮሩ ገና ሥራ እያለው በጀቱ ወይም ሰዓቱ አልቆ ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ ይናገራል። ሦስተኛው ዓምድ በየሰከንዱ የሚያድግ ከሆነ፣ ገና አንድ ፓኬት ሳይወድቅ ራውተራችሁ ማስጠንቀቂያ እየሰጠ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። አንድ ኮር ብቻውን 14.88 ሚሊዮን ፓኬት በተለመደው የከርነል መንገድ አያሳልፍም። ሥራው መከፋፈል አለበት። ለዚህም ዘመናዊ ካርዶች በርካታ ወረፋዎች አሏቸው። በብዙ ሰርቨሮች ላይ የምናገኘውን ባለ 10 ጊጋውን ኢንቴል 82599 እንውሰድ። ካርዱ የፓኬቱን የላኪና የተቀባይ አድራሻ፣ እንዲሁም የሁለቱን ፖርት ቁጥር አንድ ላይ አድርጎ ሃሽ ያሰላል። በውጤቱም 128 መስመር ካለው ሰንጠረዥ ላይ ቁጥር ያነባል፤ ያ ቁጥር ፓኬቱ እስከ 16 ከሚደርሱት ወረፋዎች የትኛው ላይ እንደሚቆም ይወስናል። የአንድ ግንኙነት ፓኬቶች ሁሌም አንድ ወረፋ ላይ ስለሚቆሙ ቅደም ተከተላቸው አይዛባም። ይህ አርኤስኤስ ይባላል።

ወረፋ መኖሩ ግን አስተናጋጅ አለ ማለት አይደለም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት፣ የአንድ ባለ 16 ኮር ራውተር ስክሪን ፊት ተቀመጡ እንበል። ደንበኛ ስልክ ይደውላል፤ ድምፅ ይቆራረጣል። የክትትል ግራፉን ስታዩ ሲፒዩው 6 በመቶ ነው። «ማሽኑ አርፏል፤ ችግሩ ከውጭ መስመሩ ነው» ብሎ መደምደም እዚህ ላይ ይቀላል። ቶፕን ከፍታችሁ 1 ቁጥርን ስትጫኑ ግን 16ቱ ኮሮች በየተራ ይዘረዘራሉ። ኮር ዜሮ፣ ከርነሉ ፓኬት ሲያስተናግድ የሚያጠፋውን ጊዜ በሚያሳየው ኤስአይ በሚለው ዓምድ ሥር፣ 100 ላይ ተገትሯል። የቀሩት 15 ኮሮች ምንም አልያዙም። አንድ ለ16 ሲካፈል 6 በመቶ ይመጣል፤ ግራፉ አልዋሸም፤ አማካይ ነው የነገራችሁ። ፕሮክ ሥር ያለውን ኢንተራፕትስ የሚባል ፋይል ስትከፍቱ ደግሞ ምክንያቱ ፊት ለፊት ይታያል። የካርዱ ወረፋዎች በመስመር በመስመር ተደርድረዋል፤ ኮሮቹ በዓምድ ቆመዋል። የመጀመሪያው ዓምድ በመቶ ሚሊዮን በሚቆጠር አሃዝ ሞልቷል፤ ከእርሱ በስተቀኝ እስከ ዳር ድረስ ዜሮ ነው። ወረፋዎቹ 16 ሆነው ሳለ ሁሉም የሚጠሩት አንዱን ኮር ነው።

መፍትሔው እያንዳንዱን ወረፋ ከአንድ ኮር ጋር ማሰር ነው። ፕሮክ ሥር፣ አይአርኪው በሚለው ማውጫ ውስጥ፣ ለየኢንተራፕቱ የትኛው ኮር እንደሚያስተናግደው የሚጻፍበት ፋይል አለ። አይአርኪውባላንስ የሚባለው ፕሮግራም ይህን በራሱ ለማድረግ ይሞክራል፤ ብዙ ዓይነት ሥራ ለሚሠራ ሰርቨርም ጥሩ ነው። ራውተር ግን ሥራው አንድ ነው። ወረፋዎቹ ከኮር ወደ ኮር ሲዘዋወሩ ካሽ ውስጥ የተከማቸው መረጃ በከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ፕሮግራሙን አጥፍቶ በእጅ ማሰር ይሻላል፦ ወረፋ ዜሮ ለኮር ዜሮ፣ ወረፋ አንድ ለኮር አንድ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የወረፋውን ቁጥር ስትወስኑ አካላዊ ኮሮችን ቁጠሩ። ሃይፐርትሬዲንግ ያመጣቸው እጥፍ ቁጥሮች እውነተኛ እጥፍ አቅም አይደሉም።

ሰርቨሩ ሁለት ፕሮሰሰር ካለው ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ካርዱ የተሰካው ከየትኛው ፕሮሰሰር ጋር ነው? እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ሚሞሪና የራሱ ስሎቶች አሉት። ካርዱ ከአንደኛው ጋር ተሰክቶ ወረፋው በሁለተኛው ፕሮሰሰር ኮር ቢስተናገድ፣ ፓኬቱ በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ መሻገር አለበት፤ ከ67 ናኖ ሰከንዱ ብዙው እዚያ መንገድ ላይ ይቀራል። ሲስ ሥር፣ ከካርዱ ስም ቀጥሎ፣ ኑማ ኖድ የሚባል ፋይል አለ። ዜሮ ወይም አንድ ይላል፤ ወረፋዎቹን እርሱ ለሚላችሁ ፕሮሰሰር ኮሮች ስጡ።

ስሎቱንም እዚያው አረጋግጡ። 82599 የሁለተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ነው፤ 8 ሌን ይፈልጋል። የዚያ ትውልድ አንድ ሌን በአንድ አቅጣጫ 4 ጊጋ ቢት ይሸከማል፤ ስምንቱ 32 ጊጋ ይሆናሉ። ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ግን ረጅም ሆኖ የሚታይ፣ ውስጡ 4 ሌን ብቻ የተዘረጋለት ስሎት አለ። እዚያ ብትሰኩት 16 ጊጋ ነው የምታገኙት፤ ካርዱ ባለ ሁለት ፖርት ከሆነ ደግሞ ሁለቱ 20 ይጠይቃሉ። ካርዱ ይነሳል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሊንኩም 10 ጊጋ ይላል። ጉዳዩ የሚጋለጠው ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትዕዛዝ በዝርዝር ስታሠሩት ነው፤ ካርዱ የሚችለውንና አሁን ያገኘውን የሌን ቁጥር በተቀራራቢ መስመሮች ያሳያችኋል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሌላ ሴቲንግ አትንኩ፤ መጀመሪያ ስሎቱን ቀይሩ።

አርኤስኤስ የማይሠራበትም ቦታ አለ፤ ይህን ደንበኞቻቸውን በፒፒፒኦኢ የሚያገናኙ ሰዎች በደንብ ልብ ሊሉት ይገባል። እንደ 82599 ያለ ካርድ የፒፒፒኦኢ ፍሬም ሲመጣበት ውስጡ ያለውን የአይፒ አድራሻ አልፎ አያነብም። ሃሽ የሚያሰላበት ነገር ስለሌለው ሁሉንም ወረፋ ዜሮ ላይ ያቆማቸዋል። ወረፋዎቹን በትክክል አስራችሁም ኮር ዜሮ ይቃጠላል። ለዚህ የሚረዳው አርፒኤስ ነው፤ የጉግሉ ቶም ኸርበርት የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2010 ከሊኑክስ 2.6.35 ጋር የገባው ዘዴ ነው። ካርዱ ያልቻለውን ክፍፍል ከርነሉ በሶፍትዌር ይሠራል፤ አንዱ ኮር ተቀብሎ ለሌሎቹ ያከፋፍላል። ከካርዱ ክፍፍል ያነሰ ፍጥነት አለው፤ 15 ኮር ሥራ ከሚፈታ ግን ይሻላል። ዩዲፒም ላይ ተመሳሳይ ነገር ተመልከቱ። ይኸው ካርድ ለዩዲፒ፣ ካልነገራችሁት፣ ፖርት ቁጥሩን ትቶ አድራሻዎቹን ብቻ ነው የሚያሰላው። ሁለት ሰርቨሮች ብዙ የዩዲፒ ትራፊክ ሲለዋወጡ ሁሉም አንድ ወረፋ ላይ ይከመራል። ፖርቱንም እንዲጨምር ኢትቱል በሚባለው የካርድ ማስተካከያ ትዕዛዝ ማዘዝ ይቻላል።

ኢትቱልን ካነሳሁ አንድ ነገር ልበል፤ ከዚህ በኋላ የምናነሳቸው የካርዱ ሴቲንጎች አብዛኞቹ የሚነኩት በእርሱ ነውና። ብዙዎቹ አማራጮች ጥንድ ናቸው፤ ትንሹ ፊደል ያሳያል፣ ትልቁ ይለውጣል። ትንሹ ጂ የሪንጉን መጠን ያሳያል፤ ትልቁ ጂ ይቀይረዋል። ኤል ለወረፋ ብዛት፣ ሲ ለኢንተራፕት ማዘግያ፣ ኬ ለኦፍሎድ እንዲሁ ናቸው። ኤስ ግን ተገልባጭ ነው፦ ትልቁ ኤስ ቆጣሪዎችን ያሳያል፤ ትንሹ ኤስ የፖርቱን ፍጥነትና ሌሎች ሴቲንጎች ይለውጣል። በሥራ ላይ ባለ ራውተር ፊት ተቀምጣችሁ ሁለቱን አታምታቱ።

ሪንግ የምንለው ካርዱ የደረሱትን ፓኬቶች የሚያስቀምጥበት፣ ኮሩም የሚያነሳበት የቦታ ዝርዝር ነው። የኢንቴሉ ድራይቨር ሲነሳ 512 ቦታ ይሰጠዋል፤ ጣሪያው በብዙ ስሪቶች 4096 ነው። 512 ብዙ ይመስላል። በትንንሽ ፓኬት ሙሉ ፍጥነት ሁሉም አንድ ወረፋ ላይ ከመጡ ግን በ34 ማይክሮ ሰከንድ ይሞላል። ኮሩ ለዚያን ያህል ጊዜ ዞር ካለ ካርዱ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣና መጣል ይጀምራል። ኃይል ለመቆጠብ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ የገባ የኢንቴል ሰርቨር ኮር ለመንቃት ብቻ ከ100 ማይክሮ ሰከንድ በላይ ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ በራውተር ላይ ጥልቅ እንቅልፍ ይጥፋ።

«እንግዲያው 4096 እናድርገውና እንገላገል» የሚል አይጠፋም። ቆይ እንበል። እያንዳንዱ ቦታ 2 ኪሎ ባይት ይይዛል። በ4096 ስናባዛው 8 ሜጋ ባይት ነው፤ በ16 ወረፋ ደግሞ 128 ሜጋ ባይት። የኢንቴል ሰርቨር ፕሮሰሰሮች ካርዱ ፓኬቱን በቀጥታ ካሽ ውስጥ እንዲጽፍ ያደርጋሉ፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሪንጉ ከካሹ ሲበልጥ ግን ጸጋው ይቀራል፤ ፓኬቱ ወደ ዋናው ሚሞሪ ይወርዳል፤ ኮሩም ቅድም ያነሳነውን ከ60 እስከ 100 ናኖ ሰከንድ የሚፈጅ ጉዞ ይጀምራል። ላለመጣል ብለን ያሰፋነው ሪንግ እያንዳንዱን ፓኬት ያዘገየዋል። በመውጫው በኩልም ሌላ ዋጋ አለው። 4096 ትልልቅ ፓኬቶች በ10 ጊጋ መስመር ላይ ለመውጣት 5 ሚሊ ሰከንድ ይበቃቸዋል፤ በ1 ጊጋ መስመር ላይ ግን 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። በስልክ የሚነጋገር ሰው ያንን መዘግየት ይሰማዋል። ከ1024 ወይም ከ2048 ተነስቶ፣ እየለኩ መጨመር ወይም መቀነስ ይሻላል።

ከሪንጉ ጋር ተያይዞ የሚታይ ሌላ ሴቲንግ የኢንተራፕት ማዘግያው ነው። ካርዱ ፓኬት በደረሰው ቁጥር ከመጣራት፣ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ጠብቆ የተጠራቀመውን አንድ ላይ እንዲያስታውቅ ይደረጋል። ሲፒዩ ይተርፋል፤ ፓኬቱ ግን ያንን ያህል ይጠብቃል። ሪንጉና ማዘግያው ለየብቻ የሚታዩ አይደሉም። ማዘግያውን 50 ማይክሮ ሰከንድ አድርጋችሁ ሪንጉን 512 ላይ ብትተዉት፣ በአንድ ወረፋ ላይ በሙሉ ፍጥነት በ50 ማይክሮ ሰከንድ 744 ትንንሽ ፓኬቶች ይደርሳሉ። ካርዱ ገና ሳይጣራ ሪንጉ ሞልቶ ፈሰሰ ማለት ነው። ስምንት ወረፋ ላይ እኩል ከተከፋፈለ ስምንት እጥፍ ጊዜ ታገኛላችሁ። አንዱን ሴቲንግ ስትነኩ ሌላውን አብራችሁ አስሉ የምለው ለዚህ ነው።

ሥራ ከሲፒዩው ላይ የሚያቃልሉትን ኦፍሎዶች በአጭሩ ልለፋቸው። ኤልአርኦ በራውተር ላይ ይጥፋ። ተከታታይ ፓኬቶችን ወደ አንድ ትልቅ ፓኬት ያዋሕዳል፤ ሲያዋሕድም መልሶ እንደነበሩ ለመለያየት የሚያስፈልገውን የሄደር መረጃ ይጥላል። መድረሻው ራሱ ለሆነ ሰርቨር ይጠቅማል፤ ለሚያሳልፍ ማሽን ግን መስመሩ የማይችለውን ግዙፍ ፓኬት ያመጣበታል። ሊኑክስ ማስተላለፍ ሲከፈት ኤልአርኦን ራሱ ያጠፋዋል፤ ቢሆንም በዓይን አይቶ ማረጋገጥ አይጎዳም። ጂአርኦ ግን እንደነበረው መልሶ መክፈል እንዲቻል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ሊተው ይችላል።

ፓውዝ የሚባለውም ይጥፋ። ካርዱ ሲጨናነቅ ከወዲያኛው ጫፍ ያለውን ስዊች «ቁም» ይለዋል። ስዊቹ ሲቆም ለአንዱ ወረፋ የሚሄደው ብቻ ሳይሆን የሁሉም ይቆማል። በኢንቴሉ ድራይቨር ደግሞ የተደበቀ ጉዳት አለው። ፓውዝ ከጠፋና ወረፋዎቹ ከአንድ ከበለጡ፣ ድራይቨሩ የሞላውን ወረፋ ፓኬት ብቻ እንዲጥል ካርዱን ያዘዋል። ፓውዝ ከበራ ይህን አያደርግም፤ አንድ ወረፋ ሲሞላ የካርዱን የውስጥ መጋዘን ይዘጋውና ባዶ የሆኑት ወረፋዎችም አብረው ይጠማሉ። የአንድ ኮር ችግር የ16ቱ ይሆናል።

ከካርዱ ወጣ ያለ ቢሆንም፣ ስለ ጊዜ በጀት ተናግሮ የግንኙነቶችን መዝገብ የሚይዘውን የከርነል ሞጁል፣ ኮንትራክን፣ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ናት ወይም የግንኙነት ሁኔታ የሚከታተል ፋየርዎል የማይሠራ ራውተር ላይ ይህ ሞጁል እየሠራ ከተገኘ፣ ለማንም የማይጠቅም መዝገብ ለእያንዳንዱ ፓኬት እየተፈተሸ ነው። ካርዱን በማስተካከል ከምታገኙት ሁሉ የበለጠ ጊዜ እርሱን በማውረድ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ታዲያ የትኛውን መቼ እንንካ? ይህን የሚነግሩን ቆጣሪዎቹ ናቸው። በኢትቱል ትልቁ ኤስ ከሚወጡት ውስጥ አርኤክስ ሚስድ የሚለው ካደገ፣ ካርዱ ፓኬቱን ከገመድ ተቀብሎ ለሰርቨሩ ማስረከብ አቅቶታል፤ ስሎቱን፣ ሪንጉንና የኮር አመዳደቡን ተመልከቱ። የሶፍትኔት ሁለተኛው ዓምድ ካደገ ፓኬቱ ከርነሉ ውስጥ ገብቶ ነው የወደቀው፤ አርፒኤስ በርቶ ከሆነ ከዚያ ጀምሩ። የሲአርሲ ስህተት ካደገ ደግሞ ሴቲንግ አትነካኩ፤ ፋይበሩን አጽዱ፣ ሞጁሉን ቀይሩ። አንድ ነገር ለውጣችሁ፣ ለክታችሁ፣ ጻፉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። አምስት ሴቲንግ በአንድ ሌሊት ለውጦ «ተሻለው» የሚል ሰው የትኛው እንዳሻለው አያውቅም፤ ከሳምንት በኋላ ሲብስበትም የትኛውን እንደሚመልስ አያውቅም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የተባለው ለእኛም ሙያ ይሠራል። ለመለካት የተለየ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ኦልሰን የሠራው ፓኬትጄን ከሊኑክስ ከርነል ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሁለተኛ ሰርቨር ካላችሁ ትንንሽ ፓኬት አምርቶ ይልክላችኋል።

ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር። የወረፋ ብዛትን ወይም የሪንግን መጠን ስትለውጡ ብዙ ድራይቨሮች ካርዱን አጥፍተው ያበሩታል። ሊንኩ ለአፍታ ይወርዳል፤ በላዩ ያለ የቢጂፒ ግንኙነትም ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ይህ ትራፊክ በሚቀንስበት የሌሊት ሰዓት የሚሠራ ሥራ ነው። በኢትቱል ያስተካከላችሁት ሁሉ ደግሞ ማሽኑ ሪስታርት ሲያደርግ ይጠፋል። ማሽኑ ሲነሳ የሚሠራ ስክሪፕት ወይም ሲስተምዲ ዩኒት ውስጥ ካልጻፋችሁት፣ መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት ራውተሩ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይበቃበት ጊዜ አለ። ያኔ የከርነሉን ረጅም መንገድ የሚያሳጥሩ ዘዴዎች አሉ። የፒሳው ሉዊጂ ሪዞ እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረበው ኔትማፕ፣ በ900 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ አንድ ኮር 14.88 ሚሊዮኑን ፓኬት በሙሉ ሲልክ አሳይቷል። ዲፒዲኬ ካርዱን ከከርነሉ ወስዶ ለአንድ ፕሮግራም ይሰጠዋል፤ ፈጣን ነው፤ ግን ቲሲፒዳምፕን የመሳሰሉ የለመድናቸው መሣሪያዎች ካርዱን ማየት ያቆማሉ፤ ኮሩም ትራፊክ ኖረም አልኖረም መቶ በመቶ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሊኑክስ 4.8 ውስጥ የገባው ኤክስዲፒ መካከለኛው መንገድ ነው፤ ካርዱ ከከርነሉ ሳይወጣ፣ ድራይቨሩ ፓኬቱን እንዳነሳ ዕጣውን ወዲያው ይወስናል። መስመሩ 100 ጊጋ ሲሆን በጀቱ ወደ 6.7 ናኖ ሰከንድ ይወርዳልና፣ ወደዚያ የምትሄዱ ሰዎች እነዚህን ከወዲሁ አጥኑ።

ክቡራትና ክቡራን፤ ቅደም ተከተሉን ልድገምና ላብቃ። መጀመሪያ ስሎቱንና የትኛው ፕሮሰሰር ላይ እንደተሰካ አረጋግጡ። ቀጥሎ ወረፋዎቹን ለኮሮች አድሉ፤ ካርዱ ማከፋፈል ካልቻለ በአርፒኤስ አግዙት። ሦስተኛ ሪንጉንና ማዘግያውን አንድ ላይ አስሉ። አራተኛ ኤልአርኦን፣ ፓውዝንና ጥልቅ እንቅልፍን አጥፉ፤ የማያስፈልግ ኮንትራክም ካለ አውርዱ። በየመሃሉ ለኩ። ይህን ጨርሳችሁ ሁሉም ኮሮች እኩል ደክመው ቆጣሪው አሁንም የሚያድግ ከሆነ፣ ያኔ ማሽኑ እውነትም አንሷል፤ የግዥ ጥያቄ ጻፉ። በጥያቄው ላይም ራውተሩ በሰከንድ ስንት ፓኬት እንዳሳለፈ፣ ስንት እንደጣለና በየትኛው ወረፋ እንደጣለ አብራችሁ አስፍሩ። ገንዘቡን የሚፈቅደው ኃላፊ ናኖ ሰከንድ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ የተጣለ የደንበኛ ፓኬት ቁጥር ግን ማንም ይገባዋል።